መምህር አላምረውና የጾም እንቁላሎቹ

«ነይ እንጂ፣ ነይ የኔ ሸጋ። ቀስ ብለሽ ግቢ። ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ አደራ።»

ይመኙሽ ይህን ስትሰማ ከእንቅልፏ ገና መንቃቷ ነበር። ጎሕ ቀዷል፤ የሰኔ ደመና ግን ብርሃኑን ይዞ ስላስቀረው ቤቱ እንደ ጨለመ ነው። ከአጠገቧ ያለው የአልጋው ግማሽ ቀዝቅዟል። ድምፁ የሚመጣው ከመጋረጃው ማዶ፣ እንግዳ መቀበያም ጓዳም ከሆነችው የፊት ክፍል ነው። የባሏ ድምፅ መሆኑን አልተጠራጠረችም፤ ያልገባት ቃሉ ነው። መምህር አላምረው ካገባት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት «ራት ደርሷል?»፣ «ኮቴን አምጪልኝ»፣ «በሩን ዝጊው» ሲል ሰምታዋለች። «የኔ ሸጋ» ሲል ግን ሰምታው አታውቅም። ትንፋሿን ውጣ የሴትዮዋን መልስ ጠበቀች። መልስ የለም። «ውይ፣ ተንሸራተትሽብኝ!» አለ ባሏ በዚያው ለስላሳ ድምፁ፤ ይሄኔ ነጠላዋን ጎትታ ተነሣችና መጋረጃውን ገለጠችው።

አላምረው ብቻውን ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ከሌሊት ልብሱ በላይ ጥቁር ኮቱን ደርቦ፣ ቀኝ እጁን በግራ እጅጌው ውስጥ እስከ ክርኑ ድረስ ሰዶ ቆሟል። ሲያያት ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ሰብሰብ አለ።

«ማንን ነው የሚያናግሩት?» አለችው።

«ማንንም። ዳዊት እየደገምሁ ነው።»

ይመኙሽ የቄስ ልጅ ናት። ከመቶ ሃምሳው መዝሙር አንዱም «ነይ የኔ ሸጋ» እንደማይል ታውቃለች። ግን አልመለሰችለትም። በዚያ ቤት እንደዚህ ነው የሚኖረው። ጠብ የለም፣ ጩኸት የለም፤ ንግግርም የለም። ከደባርቅ አምጥተው ሲድሯት ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነበር፤ እሱ በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጣታል። በሠርጓ ማግስት «አንቱ» ብላ ጠራችው፤ ይብቃሽ ያላት ስላልነበረ እንደዚያው ቀጠለች። ልጅ አልወለዱም። ራት ሲበሉ የሚሰማው የኩራዙ ማረር ብቻ ነው፤ ከራት በኋላ እሱ ደብተር ያርማል፣ እሷ ጥጥ ትፈትላለች፤ ከዚያ ይተኛሉ።

ልብሱን ለባብሶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። «ዛሬ የወላጆች ቀን ነው፤ እዘገያለሁ» ብሏት ነበር በሩ ላይ። እሷ ወላጅ ስላልሆነች ነይ አላላትም። እሱ እንደ ወጣ ይመኙሽ ወደ እንቁላሉ ቅርጫት ሄደች። ሦስት ዶሮዎች አሏት፤ ጾሙ ከገባ ወዲህ እንቁላሉን በገለባ ውስጥ እያኖረች አሥሩን በስሙኒ ለፒያሳ ሆቴሎች ትሸጣለች። ዶሮዎቹ በሳምንት ከአሥር የማያንስ ይጥሉ ነበር፤ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገኘው ግን እኩሌታው ነው። መጀመሪያ አይጥ ናት ብላ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር፣ አፈር የተመለሰበት የእንቁላል ቅርፊት አገኘች። አይጥ ደግሞ የበላችበትን ቅርፊት አትቀብርም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ሰው፣ በየእሑዱ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው፣ በሐዋርያት ጾም ተደብቆ ጥሬ እንቁላል ይበላል ብላ ማመን ከበዳት። አሁን ደግሞ ብቻውን ማውራት ጀምሯል። ለነፍስ አባቷ ትንገር ወይስ ጠበል ትውሰደው ስትል ቆየችና ጨው ማለቁ ትዝ አላት፤ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

የሐዲጃ ሱቅ አዲስ ዓለም በሚባለው ሰፈር ነው። ሐዲጃና ባሏ ሷሊሕ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው የነገዱ ሰዎች ናቸው፤ ይመኙሽ ከከተማው ሴት ሁሉ ልቧን የምትሰጠው ለሐዲጃ ነው። ስትደርስ ሁለት የማታውቃቸው ሴቶች ስኳር እያስመዘኑ ነበር። አንደኛዋ ጃንጥላዋን በብብቷ ይዛ ወሬውን ታስኬደዋለች።

«ልጄ እኮ በእንቅልፏ ‹ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሰባት ጊዜ ስምንት› እያለች ታለቅሳለች» አለች።

«የኔውንማ ሆዱን ይቆርጠዋል» አለች ሁለተኛዋ። «የመምህር አላምረው ሂሳብ ባለበት ቀን ብቻ ነው የሚቆርጠው።»

«ዛሬ አይደል ነገሩ የሚያልቅ! አያ የሻው የክሱን ወረቀት ይዞ ይነሣል። አሥራ ሰባት ወላጅ ፈርሞበታል። ከመስከረም ጀምሮ ወይ እሱ ይሄዳል፣ ወይ ልጆቻችንን እናስቀራለን።»

«ወዴት ይሂድ?»

«ስሜን ይውጣና ዝንጀሮ ያስተምር!» ሁለቱም ሳቁ። «እኔስ የማዝነው ለሚስቱ ነው። ያ ፊት ማለዳ ማለዳ አጠገብሽ ሲነቃ አስቢው እስቲ!»

ሐዲጃ ሚዛኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ይመኙሽ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ የጨው ጆንያውን ትመለከት ጀመር። በልቧ ብዙ ነገር መጣባት። ባለፈው ክረምት ንዳድ ሲይዛት ዘጠኝ ቀን ከአጠገቧ ሳይለይ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣት ይኸው ሰው ነው፤ እርግጥ በዘጠኙ ቀን አንድ ቃል አልወጣውም። ይህን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ግን ቦርሳው ውስጥ ተጠቅልሎ የሚሄደው አለንጋ ደግሞ በዓይኗ ላይ መጣ። በየወሩ እንዳይደርቅ ቅቤ የምትቀባው እሷ ናት። ስትቀባው አንድም ቀን በማን እጅ ላይ እንደሚያርፍ አስባ አታውቅም ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሴቶቹ ሲወጡ ሐዲጃ ዓይኗን ሳታነሣ ጨዉን መዘነች። «ሷሊሕም ፈርሟል» አለች በመጨረሻ። «ከኔ አፍ ስሚው ብዬ ነው፣ እህቴ። ዙበይዳ ልጄ እዚህ ሱቅ ውስጥ የአምስት ሰው ዋጋ በቃሏ ከኔ ቀድማ ትደምራለች። ክፍል ስትገባ ግን አለንጋውን ስታይ ቁጥሩ ይጠፋታል። ምን እናድርግ?»

«ምንም አላልሁ» አለች ይመኙሽ።

«ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ ልሄድ ነው። ምነው አብረን ብንሄድ? ቤት ተቀምጠሽ ከሰው አፍ ከምትሰሚው በዓይንሽ እይው።»

ይመኙሽ ባሏ አሥራ አንድ ዓመት የዋለበትን ግቢ አይታው አታውቅም። ጨዉን ቋጠረችና «እሺ» አለች።

ትምህርት ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው፤ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ከክፍሎቹ የወጣ አግዳሚ ወንበር በሜዳው ላይ ተደርድሯል፤ ከፊት ለፊት በጠረጴዛዎች ላይ ሳንቃ ተነጥፎ መድረክ ሆኗል። ወላጆች ጋቢና ካባቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹ ሣሩ ላይ በተርታ ሰፍረዋል። ይመኙሽና ሐዲጃ ከኋላ ቦታ አገኙ። ሐዲጃ በአገጯ እየጠቆመች ሰዉን አስተዋወቀቻት፤ ያ ባለ መነጽሩ ዲሬክተሩ ነው፣ ያ ጥቁሩ ሰውዬ የሳይንስ አስተማሪው ህንዳዊ ሚስተር ኮሺ ነው፣ እዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡት የደብሩ አለቃ ናቸው፣ ያ ትልቁ ሰውዬ ደግሞ በቅሎ ነጋዴው አያ የሻው ነው። የአያ የሻው የደረት ኪስ በታጠፈ ወረቀት አብጧል። ልጆች መዝሙር ዘመሩ፤ አንድ ልጅ እጁን እያወናጨፈ ስለ ንጽሕና ንግግር አደረገ፤ ትልልቆቹ እርስ በርስ ተሸካክመው እንደ ግንብ ቆሙና ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ዲሬክተሩ ወጣና ወረቀቱን ደጋግሞ አየ፣ የተጻፈውን ራሱም ያላመነው ይመስል። «አሁን» አለ፣ «መምህር አላምረው የእጅ ቅልጥፍና ትርኢት ያሳዩናል።»

ሣሩ ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ጀርባቸውን አቀኑ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አላምረው በዚያው በጥቁር ኮቱ መድረኩ ላይ ወጣ። ከዲሬክተሩ አሥር ሳንቲም ተቀበለና በጡጫው ውስጥ ጨበጠው፤ እፍ ብሎ ሲከፍተው ባዶ ነው። ወደ ሚስተር ኮሺ ሄዶ ሳንቲሙን ከክራቫቱ ሥር አወጣው። ሚስተር ኮሺ ብቻውን አጨበጨበ። ቀጥሎ ጋዜጣ ቀዳደደ፣ አጣጠፈ፣ ሲዘረጋው ደህና ሆኖ ተገኘ። ከወላጆቹ መካከል «ምትሃት ነው!» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ፤ አለቃው አማተቡ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መሳቅ ይፈቀድ ወይስ ያስመታ እንደሆነ አላወቁም፤ ስለዚህ አንድም ልጅ አልሳቀም። አላምረው ከኪሱ ነጭ መሐረብና አንድ እንቁላል አወጣ። ይመኙሽ እንቁላሉን አወቀችው፤ የቡሬዋ ዶሮ እንቁላል ነው፣ ቡናማ ነጥብ አለበት።

«አንድ ተማሪ ይምጣ» አለ።

ማንም አልመጣም። «ወደ ሰሌዳ ውጣ» በሚልበት ድምፅ ነው ያለው፤ ራሱም ሳይገባው አልቀረም፣ ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና «አንድ ተማሪ... እባካችሁ» አለ። የፊት ረድፍ ልጆች አንገታቸውን ቀበሩ። ዙበይዳ ከጓደኛዋ ጀርባ ተደበቀች። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ሲያወዛውዘው ይሰማል። አያ የሻው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ይመኙሽ ከዚያ ሁሉ ርቀት የባሏ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እንቁላሏም አብራ ስትንቀጠቀጥ አየች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት፤ የጎደለው እንቁላል፣ ከጌሾው ሥር የተቀበረው ቅርፊት፣ የማለዳው «ነይ የኔ ሸጋ»። ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ደግሞ ዕንባዋ መጣ። ያ ሰው ለአንድ ወር ሙሉ እንቁላል ሲለማመጥ የኖረው ለእነዚህ ልጆች ኖሯል። ሳታስበው ቆመች። ሐዲጃ ነጠላዋን ያዘቻት። «ወዴት ነው?» አለቻት። ይመኙሽ ነጠላዋን አስለቀቀችና በወንበሮቹ መካከል ወደ ፊት ሄደች።

አላምረው ሲያያት ሊናገረው ያጠናውን ሁሉ ረሳው። «ነይ እንጂ» አላት ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እጇን ይዞ መድረኩ ላይ አወጣት። በሰው ፊት እጇን ይዟት አያውቅም ነበር። እንቁላሏን በመዳፏ ላይ አስቀመጠ፣ በመሐረቡ ሸፈናት፣ በጣቱ ከበብ ከበብ አደረገና መሐረቡን ላፍ አደረገው። እንቁላሏ የለችም! ከልጆቹ መካከል አንዱ «ሃ!» አለ። አላምረው እጁን ከፍ አድርጎ ባዶነቱን ሊያሳይ ሲል ከእጅጌው ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭ። ከዚያ በሁሉም ፊት፣ ከጥቁሩ ኮት እጅጌ፣ ቢጫው አስኳል በእጁ አንጓ ላይ እየተንጠባጠበ ወረደ።

የአላምረው ፊት አመድ መሰለ። ይመኙሽ አስኳሉን አየች፣ ባሏን አየች፣ አፏም ራሱን ችሎ ተናገረ፤

«አይ! በጾም እንቁላሌን ስትበላብኝ የኖርኸው በእጅጌህ ነው ለካ!»

በሰው ፊት «አንተ» ማለቷ የገባት ከተናገረች በኋላ ነው፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ነገር ግን ከፊት ወንበር የደብሩ አለቃ ሆዳቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተለጠጡ። «ግድ የለም ልጄ» አሉ በሳቅ እየተቆራረጡ፣ «እጅጌ ጾም የለበትም!» ከዚያ በኋላ ሳቁን የሚያቆመው ጠፋ። ወላጆቹ ሳቁ፣ ዲሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፤ ልጆቹ ግን አሁንም መምህራቸውን እያዩ ነው። አላምረው የተንጠባጠበውን እጁን ተመለከተ፣ ሚስቱን ተመለከተ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ አፉ ተከፈተ። «ፍንጭት ነው!» ብሎ ጮኸ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ልጅ። «መምህር ፍንጭት ነው!» እውነትም ነው፤ የፊት ጥርሶቹ መካከል የምታምር ክፍተት አለች፣ እስከዚያ ቀን ያያት ተማሪ ግን አልነበረም። ይሄኔ ሣሩ ላይ የነበረው ሁሉ በሳቅ ተንከባለለ።

ሳቁ ጋብ ሲል ዙበይዳ መድረኩ ሥር ቆማ ተገኘች። እንዴት እንደመጣች እናቷም አላየችም። «መምህር» አለች፣ «ሌላ ካለዎት እኔ ልያዝልዎት።» ሌላ ነበረው። በዚህ ጊዜ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ እንቁላሏ ከዙበይዳ መዳፍ ጠፋችና ከሻሿ እጥፋት ውስጥ ደህና ሆና ወጣች። ጭብጨባው ወፎቹን ከባሕር ዛፉ አስነሣቸው። ምትሃት ነው የሚል እንዳይኖር አላምረው እጅጌውን ገልብጦ በውስጥ የተሰፋውን ኪስ አሳየ፤ እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወጣ ቀስ ብሎ ደገመላቸው። አለቃው ራሳቸው ተነሥተው ኪሱን ዳበሱት።

«ስንት ሰብረው ነው የለመዱት?» አለችው ዙበይዳ።

«በሳምንት ስድስት። አራት ሳምንት ሙሉ።»

«ሃያ አራት!» አለች ልጅቱ፣ ቃሉ ከአፉ ሳይወርድ።

«ሃያ አራት!» ብላ ይመኙሽ ራሷን ያዘች፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ። አላምረው ግን አልሳቀም። ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ፊት አቁሞ አንድ ቁጥር ሊያወጣባት ያልቻለውን ልጅ ቁልቁል እያየ ቆመ። «ሃያ አራት» አለ በቀስታ። «ትክክል ነው፣ ዙበይዳ። በጣም ትክክል ነው።»

ያን ጊዜ አያ የሻው ተነሣ። ትልቅ ሰው ስለሆነ ሲነሣ ሁሉም ያየዋል፤ ከፈረሙት አሥራ ሰባት ወላጆች አንዱ፣ ሷሊሕ፣ ጫማውን አየ። «መምህር» አለ አያ የሻው፣ «ሸጋ ነገር አሳይተውናል፤ እግዜር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እንቁላሉን ሰወሩት፣ ሳንቲሙን ሰወሩት። ያን አለንጋስ? እሱን መሰወር ይችላሉ?»

አላምረው ከመድረኩ ወርዶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሲመለስ አለንጋው ተጠቅልሎ በእጁ ላይ ነው። በሰዉ መካከል አልፎ አያ የሻው ፊት ቆመና በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«ለዚህኛው የእጅ ቅልጥፍና አያስፈልግም፣ አያ የሻው። ይውሰዱት። መልሼ አልጠይቅዎትም።»

አያ የሻው ተቀብሎ ጫፉን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «ሸጋ አለንጋ ነው፤ በቅቤ የታሸ» አለ። ይመኙሽ ፊቷን አዞረች። በቅሎ ነጋዴው አለንጋውን በወገቡ አገለደመ። የደረት ኪሱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ወደ ዲሬክተሩ ዞረ፤ «አንድ የጻፍናት ነገር ነበረች። እስከ መስከረም እኔው ጋር ትቆይ፤ ያን ጊዜ እናያለን» ብሎ ተቀመጠ።

ዝናቡ የጀመረው ሰዉ ሲበታተን ነው። ይመኙሽና አላምረው በሚስተር ኮሺ ጃንጥላ ሥር ወደ ቤት ሄዱ፤ እሱ ነው በግድ ያስያዛቸው። በመንገድ ላይ ተማሪዎች ሲሮጡ ያልፏቸዋል። በሌላ ቀን መምህሩን ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ ነበር፤ ዛሬ ወደ ኋላ እየዞሩ «እጅጌ! እጅጌ!» ይላሉ፣ እሱም እጁን ከፍ አድርጎ ያራግብላቸዋል። ከጥንቱ የነገሥታት ግንብ አጥር ሥር ሲደርሱ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። በግንቦት አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ሲሄድ ከውስጥ ሳቅ ሰማ፤ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ በሩን ሲከፍት ሳቁ እንደ ኩራዝ እፍ ተባለ። አርባ ልጅ አንገቱን ደፋ። «በሩን ዘግቼ ልመለስ ምንም አልቀረኝ ነበር» አለ። «እንዳልገባሁ ሆኜ፣ እነሱም እንዲስቁ።» በማግስቱ ለሚስተር ኮሺ ነገረው፤ ሚስተር ኮሺ ደግሞ ከኪሱ አንድ ሳንቲም አውጥቶ አሰዋወሩን አሳየው።

«ምነው ለኔ አልነገርኸኝ?» አለችው።

«ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

«ዛሬስ መች ተውሁህ?»

«አልተውሽኝም» አለና እንደገና ያቺ ፍንጭቱ ታየች። ከዚያ ስለ መጀመሪያው እንቁላል ነገራት፤ በኪሱ ውስጥ ተሰብራበት በፈተና ወረቀት ላይ ስለ ፈሰሰችው። ስለ ሚስተር ኮሺ እናት ነገራት፤ ስለ አገራቸው ዝናብ፣ እሱ ራሱ ልጅ ሳለ የኔታ ስላሰሩት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ስለ ቆጠረው ኮከብ። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ማውራት አልለመደምና ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አያውቅም። ቤት ደረሱ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ማዶ ያለችው ጎረቤት በመስኮቷ ብቅ ብላ ሁለቱን አየችና ዓይኗን አላመነችም። ይመኙሽ ቁልፉን በእጇ ይዛለች። በሩን ከከፈተች እሱ ኮቱን ያወልቃል፣ እሷ እሳት ታቀጣጥላለች፤ ወሬው ይቋረጣል ብላ ፈራች። ስለዚህ አልከፈተችውም። ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ከክፈፉ የሚፈሰው ውኃ ጫፍ ጫፏን እያራሳት፣ ወደ እሱ ዞረች።

«እሺ» አለችው፣ «ከዚያስ?»